እየፈሩ የሄዱት ጋሽ ዘለቀ

ጋሽ ዘለቀ ያረፉት አልጋቸው ላይ ነው። ልጃቸው ትዕግስት ደውላ ስታረዳኝ መጀመሪያ የጠየቅኳት የት እንደነበሩ ነው። ሕመሙ ሲጠናባቸው ከአርባ ምንጭ መጥታ ጎፋ አብራቸው ሰንብታ ነበር። "ሲተኛ ደህና ነበር። ጠዋት አልነቃም" አለችኝ። ለካ ሰው እያለቀሰም እፎይ ሊል ይችላል። እኚህን ሰው አንድ ቀን መንገድ ይበላቸዋል እያልኩ ስሰጋ ኖሬአለሁ። እሳቸው ደግሞ ከእኔ በላይ ይሰጉ ነበር።

ያወቅኳቸው ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አብረን በሠራንበት መሥሪያ ቤት ነው፤ እሳቸው መዝገብ ቤት፣ እኔ የሰው ሀብት ክፍል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ጎበጥ ያለ ሰው ነበሩ። ሲያዳምጡ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ፤ የሚሰሙት እኛን ሳይሆን ከኋላችን የሚመጣ ሌላ ነገር ይመስል ነበር። ሁለታችንም ጎፋ አንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ብንኖርም አብረን ወደ ሥራ ሄደን አናውቅም። እኔ በታክሲ እሄዳለሁ፣ እሳቸው በእግራቸው። ታክሲው ላፍቶ ጋ በመኪና ብዛት ሲቆም በመስኮት አያቸዋለሁ፤ ከአስፋልቱ ርቀው፣ የአጥር ግንብ ታክከው፣ ምሳ ዕቃቸውን በብብታቸው ይዘው ይራመዳሉ። እጄን አውለበልብላቸዋለሁ። አያዩኝም። ዓይናቸው ወደ መኪና አይሄድም።

አንድ የክረምት ጠዋት ታክሲ ጠፍቶ አብሬያቸው በእግሬ ለመሄድ ወሰንኩ። መንገድ መሻገሪያው ጋ ስንደርስ የእጄን አንጓ ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። ሩቅ አንዲት መኪና ትታያለች፤ እሷ እስክትደርስ ሁለት ጊዜ ተሻግረን መመለስ እንችል ነበር። "እስቲ ትለፍ" አሉኝ። አለፈች። ሌላ መጣ። "እሱም ይለፍ።" ጃንጥላዬ ሥር ተጣብቀን ቆመን መኪና ሁሉ እስኪያልፍ ጠበቅን። ሥራ አረፈድኩ። ኋላ እንደተረዳሁት ይህች "ይለፍ" የምትል ቃል ለመኪና ብቻ አልነበረችም። አለቃችን ሲቆጣ፣ ሁለት ሠራተኞች ሲጣሉ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው "ይለፍ" ይላሉ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከጀርባቸው "ጋሽ ይለፍ" ነበር የሚባሉት። ያውቁ ነበር፤ ቅር አላላቸውም።

ፈሪ ነበሩ። ይህን ስል ላሳንሳቸው አይደለም፤ ራሳቸውም የሚሉት ነው። ከቤት ወጥተው ደረጃውን ከጨረሱ በኋላ ጋዙን ዘግቼዋለሁ ወይ ብለው ይመለሳሉ። ኤሌክትሪክ ምድጃ ሲነቅሉ ጫማ ያደርጋሉ። የመሥሪያ ቤታችን ሊፍት ውስጥ ገብተው አያውቁም።

ምክንያቱን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ በዚያ የክረምት ጉዟችን ሳይሆን ብዙ ቆይተው፣ ተላምደን፣ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን አብሬያቸው መራመድ ከጀመርኩ በኋላ። ትዕግስት ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ሦስቱም ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ባለቤታቸው እዚያው አረፉ። እሳቸው የጎድን አጥንታቸው ተሰብሮ ተረፉ፤ ልጅቷን ጭረት እንኳ አልነካትም። ከዚያን ቀን ወዲህ መኪና ውስጥ አልገቡም። ከሆስፒታል የወጡ ቀን እንኳ ዘመዶቻቸው መኪና ይዘው እየጠበቋቸው፣ ደረታቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ በየመንገዱ ዳር እየተቀመጡ በእግራቸው ጎፋ ገቡ። ይህን የነገሩኝ ስለ ሌላ ሰው በሚያወሩበት ድምፅ ነው። ሲጨርሱ ስለ ምሳ ጠየቁኝ።

ልጃቸውን ብቻቸውን አሳደጉ። አስራ ሁለተኛ ክፍል እስክትጨርስ በእግራቸው እያደረሱ፣ በእግራቸው እየመለሱ። ከዚያ የዩኒቨርሲቲ ምደባዋ አርባ ምንጭ ሆነ። እሳቸው ደግሞ አርባ ምንጭ መድረስ የማይችሉ ሰው ነበሩ። ልጅቷ በተማረችበት ጊዜ ሁሉ አንድም ቀን ሄደው አልጠየቋትም። ስትመረቅ የሄደችው አክስቷ ናት። ትዕግስት ጋውን ለብሳ፣ አበባ ታቅፋ፣ ከአክስቷ ጎን የቆመችበትን ፎቶ ጠረጴዛቸው መስታወት ሥር አስገብተውት ነበር። ሰው ሲያይባቸው ደስ ይላቸዋል፤ "እርስዎስ የት ነዎት?" የሚል ሲመጣ ግን ወረቀት ፈልገው ፎቶው ላይ ያስቀምጣሉ።

ትዕግስት እዚያው ሥራ አገኘች። ወደ አዲስ አበባ የምትመጣው እየቀነሰ ሄደ። የአካባቢውን ልጅ ወደደች፤ ሽማግሌ ተላከ፤ ሠርጉም እዚያው እንዲሆን ተቆረጠ።

ሠርጉን የነገሩኝ ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት ነው። ስኳሩን አማስለው አማስለው ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አልጠጡትም።

"'ካልመጣህ አጎቴ ይድረኛል' አለችኝ" አሉ።

"ታዲያ ምን አሏት?"

"እመጣለሁ አልኳት።"

"በምን?"

"እሱን አልጠየቀችኝም።"

ከዚያ ወዲያ ለብዙ ቀን አኳኋናቸው ተለወጠ። አውቶብስ ተራ ሄደው ቆመው እንደተመለሱ ሰማሁ። አንድ ቀን የአንድ ባልደረባችን መኪና ውስጥ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ለመቀመጥ ሞከሩ። ገና መቀመጫውን ሲነኩ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ወጥተው አጥር ይዘው ቆሙ። አውሮፕላን ብዬ ጀመርኩ፤ ሳልጨርስ በእጃቸው አስቆሙኝ። በእግር እንዳይሄዱ ደግሞ፣ እንዳሉት፣ የሚደርሱት ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ነው።

ብስክሌቱ የመጣው እንዲህ ነው። ጋሽ ዘለቀ ያደጉት ባሕር ዳር ነው፤ በልጅነታቸው ብስክሌት እንደ ጫማ ነበር። በአዲስ አበባ የመንገድ ሥራው ሲካሄድ የብስክሌት መሄጃ ተለይቶ ሲሠራ፣ እሳቸው አንድ አሮጌ ብስክሌት ገዝተው እዚያች መስመር ላይ ብቻ መንዳት ጀምረው ነበር። መስመሩ ሲያልቅ ወርደው ይገፉታል። እኔ እንደ መዝናኛ ነበር የቆጠርኩት። እሳቸው ግን አንድ ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ መጥተው፣ በሩን ዘግተው፣ አርባ ምንጭ በብስክሌት እንደሚሄዱ ነገሩኝ።

የማውቀውን አደጋ ሁሉ ደረደርኩላቸው። ዕድሜያቸውን፣ ከባድ መኪናውን፣ ዳገቱን፣ ውሻውን፣ የአገሩን ሁኔታ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣ "ድልድይ ረሳሽ" አሉኝ። "ድልድይ ላይ መውረጃ ዳር የለውም። እኔ ሌሊት ሌሊት የሚያነቃኝ እሱ ነው።"

"እንዲህ እየፈሩ ታዲያ እንዴት ይሄዳሉ ጋሼ?"

"ሳልፈራ የሄድኩበት ቦታ የለም እኮ፣ ልጄ" አሉኝ። "ብስክሌት ላይ ቢያንስ ፍሬኑ እጄ ላይ ነው። ስፈራ እወርዳለሁ።"

ሌላም ነገር ለመኑኝ፤ ለትዕግስት እንዳልነግርባቸው። ከሰማች መኪና ይዛ ትመጣለች፣ መኪና ይዛ ከመጣች ደግሞ አልደርስም አሉኝ። ቃል ገባሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ፍርሃታቸው ለሁለት ተከፈለና ግማሹ እኔ ጋ መጣ።

ልምምዳቸው ቅዳሜና እሑድ ከሀና ማርያም አልፎ ፉሪ ነበር፤ አዳዲስ ቤት በሚሠራበት፣ መኪና በሚያንስበት በኩል። አንድ እሑድ አብሬያቸው ሄድኩ። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን ብርቱካንማ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰዋል፤ መሪው ላይ ግራና ቀኝ መስታወት አስረዋል። ሲነዱ ጥሩ ነበሩ፤ ጀርባቸው ቀጥ ብሎ፣ ዕድሜያቸው ቀንሶ። ከዚያ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ከኋላ ሲመጣ ሰሙ። ወረዱ። ብስክሌቱን ከመንገዱ አወጡት፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጡ፣ ፊታቸውን ወደ አንድ ያላለቀ ቤት አጥር አዙረው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገልባጩ አልፎ አቧራው ሲረግፍ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ተሳፈሩ፣ ቀጠሉ። እስከ አርባ ምንጭ ስንት መኪና ሊያልፋቸው እንደሚችል አሰብኩ።

የሄዱት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ከሠርጉ በጣም ቀደም ብለው። ለሠርጉ የሚለብሱትን ሙሉ ልብስ በላስቲክ ጠቅልለው በአውቶብስ ስሄድ እንዳመጣላቸው ሰጥተውኛል። ሀይሌ ጋርመንት ጋ ልሸኛቸው ወጣሁ። ታክሲዎቹ ገና መጣራት መጀመራቸው ነበር። እጃቸውን ስጨብጥ በረዶ ሆኗል። ወጥተው ወደ ጀሞ አቅጣጫ ሄዱ፤ ሰደርያቸው ሰው መሃል ጠፋ። ልመለስ ስል ብስክሌታቸውን እየገፉ ሲመጡ አየኋቸው። ተዉት፣ እግዜር ይመስገን አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን የቤታቸውን ቁልፍ ዘረጉልኝ።

"ጋዙን እይልኝ" አሉ። ተመልሰው ሄዱ።

ጎፋ ሄጄ አየሁ። ጋዙ ተዘግቷል። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ምድጃው፣ ሁሉም ተነቅሏል። ገመዶቹ እንደ ታጠበ ልብስ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብዬ ቆየሁ።

በየደረሱበት ከተማ እንዲደውሉልኝ ተስማምተን ነበር። ስልኩ ሲነሳ ሰላምታ እንኳ አይቀድምም። "ደርሻለሁ። በልቻለሁ። ፈርቻለሁ" ይሉኛል። ከዓለም ገናም የመጣው ያው ነበር፤ ደርሻለሁ፣ በልቻለሁ፣ ፈርቻለሁ። ከዚያ ዝም ብለው ይተነፍሳሉ፤ እኔም እተነፍሳለሁ።

መልካ ቁንጥሬ ሲደርሱ የፈሩት ድልድይ ገጠማቸው። የአዋሽ ድልድይ አፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ግማሽ ቀን አሳለፉ። መኪና ሲቀንስ ይነሳሉ፣ ሌላ ሲመጣ ይቀመጣሉ። እንጨት ተሸክመው የሚያልፉ አንዲት ሴት ሲሄዱም ሲመለሱም አይተዋቸው ኖሮ ምን እንደሚጠብቁ ጠየቋቸው። ጋሽ ዘለቀ እውነቱን ነገሩ። ሴትየዋ አልሳቁም። ሸክማቸውን አስቀምጠው ከፊት ከፊታቸው ሄዱላቸው፤ እሳቸውም የሴትየዋን ተረከዝ ብቻ እያዩ ብስክሌቱን ገፍተው ተሻገሩ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ አሉኝ በስልክ፤ ከድልድዩ ይልቅ የቆጫቸው እሱ ነበር።

ከቡታጅራ በኋላ ስልካቸው ጠፋ። አንድ ምሽት፣ ከዚያ ሙሉ ቀን። ደወልኩ፣ ዝግ ነው። መሥሪያ ቤት ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ አነባለሁ፣ ምንም አይገባኝም። የማላውቀው ቁጥር በደወለ ቁጥር አንድ ፖሊስ ወይም አንድ ነርስ ስማቸውን ሲጠራልኝ እሰማለሁ። ይባስ ብሎ ትዕግስት ደወለች። የአባቷ ስልክ ለምን እንደማይሠራ፣ በየትኛው መኪና እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። መንገድ ላይ ዘመድ ጋ እያረፉ ይመጣሉ አልኳት። ድምፄ ለራሴም አላማረኝም። "ራሔል፣ አባዬ ደህና ነው?" አለችኝ። "ደህና ናቸው" አልኳት፣ ሳላውቅ።

በማግስቱ ሆሳዕና ሲቃረቡ ደወሉ። ያደሩበት መንደር መብራት ጠፍቶ ነው። እኔ ስልኩን ይዤ የቢሮው ኮሪደር ላይ አለቀስኩ፤ እሳቸው ደግሞ ስላስጨነቁኝ ይቅርታ ሲጠይቁኝ፣ ሁለታችንም ሳንግባባ ተዘጋ።

እኔ የሄድኩት ከሠርጉ ጥቂት ቀን ቀደም ብዬ፣ በአውቶብስ፣ ሙሉ ልብሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው። መንገድ ላይ ብታገኚኝ እንዳታስቆሚ ብለውኝ ነበር፤ መኪና አጠገቤ ከቆመ ጉልበቴ ይከዳኛል ብለዋል። ሆሳዕናን አልፈን ሶዶ ሳንደርስ፣ እንሰቱ በሁለቱም በኩል በበዛበት ቁልቁለት ላይ ብርቱካንማውን ሰደርያ አየሁ። ቆመዋል። ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው፣ ብስክሌታቸውን እንደ ሰው እጅ ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ እንሰቱ አዙረዋል። አውቶብሳችን ጥሩንባ እየነፋ አለፈ። ከኋላዬ የተቀመጠ ጎረምሳ ሰውየው ሽንቱን ነው ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። ዞር ብዬ በኋላ መስታወት አየሁ፤ እስክንታጠፍ ድረስ አልዞሩም። እሳቸው ከጀርባቸው ያለፈው እኔ መሆኔን አላወቁም። ያን ያህል ቀን እንዲህ እየቆሙ፣ እንዲህ እየጨፈኑ፣ እዚህ ደርሰዋል።

አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር የሚገኘው የትዕግስት ቤት በዘመድ ተሞልቶ ነበር። በየቀኑ ትጠይቀኛለች፣ በየቀኑ እየመጡ ነው እላታለሁ። አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም፣ አዲስ ካፖርት ለብሰው ተዘጋጅተዋል። ካልደረሰ እኔ አለሁ ይላሉ፤ ክፋት የለባቸውም፣ ግን ይህን ባሉ ቁጥር ትዕግስት ተነስታ ጓሮ ትሄዳለች።

የሠርጉ ዋዜማ ዕለት ከምሳ በኋላ ስልኬ ጮኸ። "ወድቄአለሁ" አሉኝ። ይህቺ ቃል ከሦስቱ ውስጥ አልነበረችም። ምዕራብ አባያን አልፈው፣ ከባድ መኪና ሲሸሹ አስፋልቱ ዳር ካለው ጉድጓድ ገብተው፣ የኋላው ጎማ ቸርኬ ተጣሟል፣ ጉልበታቸው አብጧል። ደህና ነኝ፣ ብስክሌቱን ትቼ በእግሬ እመጣለሁ አሉ። ርቀቱን አሰብኩ። ቀና ስል ትዕግስት በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቷል፣ ግማሹ ተበትኗል።

ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አለች። "በብስክሌት?" አለችኝ። "ከጎፋ?" ከዚያ ተነስታ ነጠላዋን ፀጉሯ ላይ ጣል አደረገች። ሙሽራ በዋዜማው ከቤት አይወጣም ብለው አክስቷ በሩ ላይ ቆሙ፤ አጎቷ መኪናዬን ልላክ አሉ። "መኪና አይደለም" አለች። ወጥታ መንገድ ላይ ባጃጅ አስቆመች። አብሬያት ገባሁ።

ጋሽ ዘለቀን ያገኘናቸው ሙዝ የሚሸጡ ሴቶች ከተቀመጡበት ዛፍ ሥር ነው። ፀሐይ አቃጥሏቸው ጠቁረዋል፣ ጉንጫቸው ጎድጉዷል፣ የአንድ እግር ሱሪያቸው ተቀዷል። ሲያዩን ለመነሳት ሞከሩና አልቻሉም። መጀመሪያ ያሉት፣ "ሠርግሽ ነገ አይደል እንዴ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" ነው። ትዕግስት አጠገባቸው ተንበረከከች። ጉልበታቸውን ገልጣ አየች፣ በውሃ አጠበች፣ በነጠላዋ ጫፍ አሰረችላቸው። እሳቸው በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚያዩት ባጃጇን ነው።

"አንቺ ሂጂ፣ ሰው ይጠብቅሻል" አሏት። "እኔ አሁን ብነሳ ጠዋት እደርሳለሁ።"

"በዚህ እግር?"

"ቀስ እያልኩ።"

አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። አንድ የጭነት መኪና አለፈ፤ ጋሽ ዘለቀ ፊታቸውን አዞሩ። እስኪያልፍ ጠበቀች።

"እኔም እኮ እዛ ነበርኩ፣ አባዬ" አለች።

"ሕፃን ነበርሽ። አታስታውሺም።"

"አስታውሳለሁ። የእማዬ ነጠላ ፊቴ ላይ ነበር። ላነሳው ስል እጇ ከብዶኝ አልችል አልኩ።" ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ብዙ ጊዜ ለራሷ የተናገረችው ነገር መሆኑ ያስታውቃል። "መኪና ውስጥ በገባሁ ቁጥር እሱ ይሸተኛል። ወደዚህ በአውቶብስ ስመጣ እስክደርስ ዓይኔን አልገለጥኩም። አሁንም ወደ ሥራ ስሄድ እንደዛ ነው።"

ጋሽ ዘለቀ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሟት። "ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ በመጨረሻ።

"አንተ በእግርህ ትሄድ ነበር። እኔ ብነግርህ መሄዱንም የምትተወው መስሎኝ።"

የባጃጁ ሹፌር፣ ጎልማሳ ሰው፣ ፊቱን ወደ አባያ ሐይቅ አዙሮ ቆሟል። ጋሽ ዘለቀ የልጃቸውን እጅ ያዙና ገልብጠው መዳፏን አዩት፣ ለረጅም ጊዜ፤ እዚያ ላይ የሚፈልጉት ነገር እንዳለ ሁሉ። ከዚያ ትከሻዋን ተደግፈው ተነሱ። ባጃጇ አጠገብ ሲደርሱ ብረቱን ነኩት፣ እጃቸውን መለሱ፣ እንደገና ነኩት። ስለ ብስክሌቱ ጠየቁ፤ አንዲቷ ሙዝ ሻጭ እኔ አስቀምጥልዎታለሁ አለች። ሌላ ምክንያት አልቀረም። እኔ ከአንድ ጎን ገባሁ፣ ትዕግስት እጃቸውን ሳትለቅ ከሌላው፤ እሳቸው መሃል ሆኑ። ከሚኒባሱ ቀን በኋላ የመጀመሪያው ነበር።

በጣም ፈሩ። ይህን አልደብቅም። ሰውነታቸው ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ጥርሳቸው ሲጋጭ ይሰማኛል፣ ሁለት ጊዜ አስቁሙልኝ ብለው አስቆምን፤ ወርደው አስመለሳቸው። ሹፌሩ ሳይሰለች ጠበቀ። ከዚያ በኋላ በጣም ቀስ ብሎ ከመንዳቱ የተነሳ አንድ የአህያ ጋሪ ቀደመን። ጋሪ ነጂው ዞር ብሎ አየን። ትዕግስት መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ወደ ለቅሶ ሲሄድ እሷም ዓይኗን ጨፍና እንደነበር ያን ጊዜ አየሁ። አባትና ልጅ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አርባ ምንጭ ገቡ።

በማግስቱ ሙሉ ልብሳቸው ሰፍቷቸው፣ በከዘራ እያነከሱ ልጃቸውን ዳሩ። አጎቷ አጠገባቸው ቆመው ክንዳቸውን ደገፉላቸው።

ሰዎች ይህን ታሪክ ስነግራቸው ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ለቀቃቸው እንድላቸው ይጠብቃሉ። አልለቀቃቸውም። ብስክሌታቸውን አስጠግነው፣ ጉልበታቸው ሲድን፣ በመጡበት መንገድ፣ እየወረዱ፣ ጀርባቸውን እየሰጡ ተመለሱ። እኔም ጎፋ ሆኜ እንደገና ስልክ ጠበቅኩ። ደርሻለሁ፣ በልቻለሁ፣ ፈርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ ገብተው አያውቁም። አንድ ቀን ወደ ሥራ ስንሄድ ትንሽም አልቀለለዎት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አልቀለለኝም አሉ። ጥቂት ተራምደው፣ "ድሮ ብቻዬን የምፈራ ይመስለኝ ነበር" አሉኝ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በየጠዋቱ፣ ሥራ በገባን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ የመዝገብ ቤቱ ስልክ ሳይሆን የእጅ ስልካቸው ይጮሃል። መስኮቱ ጋ ሄደው ይቆማሉ። ትዕግስት አርባ ምንጭ ላይ ወደ ሥራ የምትሄድበት ታክሲ ውስጥ ስትገባ ነው የምትደውለው። አያወሩም። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣሉ። ባለጉዳይ ቢመጣ በእጃቸው ምልክት ይሰጡታል፤ ሁላችንም ስለለመድን እናስጠብቀው ነበር። እሷ እዚያ ዓይኗን ጨፍናለች፣ እሳቸው እዚህ። ከዚያ ሞተሩ ጸጥ ይላል፣ በር ሲከፈት ይሰማል፣ የልጅቷም ድምፅ ከስልኩ አልፎ እኔ ድረስ ይመጣል።

"ወረድኩ፣ አባዬ።"